የወንዙ ገጽ ሳያውቅ «ደህና» አይበል

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዳይሬክተራችንና አባታችን ባምቦ ንኮሎማ፣ የጎምቤ ድረ ገጽ ባልደረቦቼ፤ ስለዚህ የጡረታ መሸኛ ድግስ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዓሣውን የጠበሱትን እናታችንን ማዪ ኤቴልን ደግሞ ለብቻቸው አመሰግናለሁ። ከሐይቁ ይህን የሚያህል ቻምቦ እዚህ ሊምቤ ድረስ ሳይበላሽ ማድረስ ሰርቨር ከመትከል አይተናነስም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ፤ እጮሃለሁ። ከነገ ጀምሮ የሚቆጣኝ አለቃ የለኝም።

ባምቦ ንኮሎማ ቅድም ስለ እኔ ብዙ መልካም ነገር ተናገሩ። «ማዪ ዚዮኔ ባሉበት ጎምቤ ወድቆ አያውቅም» አሉ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔ ግን ስታጨበጭቡ ብርድ ብርድ አለኝ። ለምን እንዳለኝ ሳልነግራችሁ ከዚህ አልወርድም። በድግስ ላይ የሚነሣ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ ልናገር?

መጀመሪያ ግን ትንሽ እንሳቅ።

ይህን ሥራ ስንጀምር ሰርቨራችን የት ነበር? ከባምቦ ንኮሎማ ጠረጴዛ ሥር! እግራቸውን ሲዘረጉ ገመዱ ይነቀላል፤ ድረ ገጹ ይጠፋል። «ማዪ ዚዮኔ፣ ገጹ የለም!» ብለው ይጮኻሉ። «ባምቦ፣ እግርዎን ይሰብስቡ» እላለሁ ካለሁበት። ገመዱን ሰክተው ሲያበሩት ይመለሳል። እንግዳ ካለ እንደ ጠንቋይ ያየኝ ነበር።

ከዚያ ማሽኑ የራሱን ክፍል አገኘ። ክፍል ስል የመጥረጊያ ማስቀመጫውን ማለቴ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ስሙን አልናገርም፣ ግን የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው፣ አቧራ እንዳይገባበት ብሎ ሚስቱ የምታገለድመውን አዲስ ቺቴንጄ አምጥቶ ከላይ እስከ ታች ሸፈነው። ማሽኑ ትንፋሽ አጠረው። ጨርቁን ስገልጠው እጄን ለበለበኝ። «ምን ነካህ?» ስለው «ማዪ፣ አክብሬው እኮ ነው» አለኝ። ፊሶን፣ አየሁህ፤ ከሰው ጀርባ አትደበቅ።

የወንድሜ ሚስት ስትቀበር ደግሞ ስልኬ ጮኸ። ባምቦ ንኮሎማ ናቸው።

«ማዪ ዚዮኔ፣ ማሽኑ ተኝቷል!»

«ባምቦ፣ እኔ መቃብር አፍ ላይ ቆሜያለሁ።»

እሳቸውም «ሟቿ አትቸኩልም፤ አንባቢው ግን ይቸኩላል» አሉኝ።

ተናደድኩ። ከጎኔ የቆመው ወንድሜ ግን ሰምቷቸው ኖሮ፣ በዚያ ሐዘኑ መሐል ሳቀ። ሄጄ ባትሪውን ለወጥኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ባትሪ ደረደርን፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቀልን፣ ጄኔሬተር ገዛን። አንዱ ሰርቨር ቢሞት የሚተካው ሁለተኛ ጨመርን። በመጨረሻም አማካሪ መጥቶ ከአገር ውጪ ሦስተኛ እንድንከራይ አደረገን። የሦስተኛው ሥራ ቀላል ነው። የገጻችንን ቅጂ ይይዛል፤ እኛ ብንጠፋ የያዘውን ለአንባቢ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ጎምቤ ጠፍቶ አያውቅም። ኬክ ቆረስን፣ ፎቶ ተነሣን።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ይባል የለ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን የምትስቁበት አይመስለኝም።

የወንዙን ገጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የገበያው፣ የእግር ኳሱ፣ የሹማምንቱ ወሬ ለእኛ ለከተሜዎቹ ነው። ታች፣ ወንዙ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ያለ ሰው የሚከፍተው የወንዙን ገጽ ነው። ማዪ ፋሌሲ ከላይ፣ ከሩዎ ወንዝ ዳር ሆነው ውኃውን አይተው ይደውሉልናል። እኛ ከሦስት ቃላት አንዱን እንጽፋለን። «ደህና»፣ «ተጠንቀቁ»፣ «ውጡ»። በቃ። ፎቶ የለው፣ ጌጥ የለው፤ ባረጀ ስልክም ይከፈታል።

ባለፈው ዓመት ያ አውሎ ነፋስና ዝናብ ያዘለ ማዕበል የመጣ ዕለት እዚህ መብራት ሄደ። ባትሪው አለቀ። ጄኔሬተሩ ጎርፍ ገባበት። ማዪ ፋሌሲ ቢደውሉ፣ ቢደውሉ ኔትወርክ የለም። ሁለቱም ሰርቨሮቻችን ሞቱ። ሦስተኛው ግን አልሞተም፤ እሱ ያለው ዝናብ ያልነካው አገር ነው። ለጠየቀው ሁሉ የያዘውን ይመልሳል። የያዘው ደግሞ የትናንቱን ነው። «ደህና» ይላል። ወንዙ ድልድይ እየነቀለ «ደህና» ይላል።

ማሽኑ ክፉ ሆኖ ነው? አይደለም። ልጃችን ነው፤ እኛኑ መስሎ ነው ያደገው። እኛስ እንዴት ነን? ሰው «እንዴት አደራችሁ?» ሲለን፣ ቤት ውስጥ ሬሳ ተጋድሞ እንኳ ቢሆን፣ «ደህና፣ እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» እንል የለም? እንግዳው ይቀመጣል፣ ውኃ ይቀምሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብለን «እንዲያው ትንሽ ችግር ገጥሞናል» የምንለው። ጨዋነት ነው። እናቴም ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። ማሽኑን የመጀመሪያዋን ቃል አስተማርነው። ሁለተኛዋን ግን ማንም አላስተማረውም።

ባምቦ ሳንዴ የሚባል ሰው ነበር፤ በብስክሌቱ ሰው እያመላለሰ የሚኖር። ጎረቤቶቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ኮረብታው ሲወጡ ስልኩን ከፍቶ አሳያቸው። «ጎምቤ ደህና ይላል። ጎምቤ ዋሽቶኝ አያውቅም» አለ። ሚስቱን ጎረቤቶቿ እየጎተቱ ከልጆቿ ጋር ወሰዷት። እሱ ፍየሎቹን ትቶ አልሄድም ብሎ ቀረ። ከነብስክሌቱ፣ ከነፍየሎቹ ውኃ ወሰደው።

ባለቤቱ ማዪ አኔሲ ከቀብሩ በኋላ ቢሯችን መጡ፤ ታስታውሳላችሁ። ሊጣሉን አልመጡም። በሩ አጠገብ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ማሽኑ ‹ደህና› ያለው ማንን ጠይቆ ነው?»

እኛ ምን አደረግን? ወንበር አቀረብንላቸው። ሻይ ቀዳንላቸው። እሳቸውም ጨዋ ናቸውና ሻዩን ጠጥተው፣ አመስግነውን ሄዱ።

በዚያው ሳምንት አራተኛ ቃል ጨመርን። ከማዪ ፋሌሲ አዲስ ወሬ ሳይደርሰን ከቆየ፣ ሦስተኛው ሰርቨር የቆየውን ቃል ይጥልና፣ ሰው ሳያዘው በራሱ «አላውቅም» ይላል። ከባድ ሥራ አልነበረም፤ ተተኪዬ ቺፒሊሮና እኔ ከምሳ በፊት ጨረስነው። እዚህ ቤት ከሠራሁት ሁሉ ግን የምኮራው በእሱ ነው።

ታዲያ «አላውቅም» ማለት ያሳፍራል፤ አይደል? ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ገጹ «አላውቅም» ማለት ጀመረ። ሰዎች ደወሉ። «ካላወቃችሁ ምን ልትሠሩ ተቀምጣችኋል?» አሉን። ማስታወቂያ የሚሰጠን የማዳበሪያ ነጋዴ «ስሜን ከአላዋቂ ጎን አታድርጉብኝ» አለ። አሁን ደግሞ ሊረዱን ያሰቡ እንግዶች ሊጎበኙን ነው። ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቃሏ ከገጹ ላይ እንድትነሣ ተወሰነ።

እኔም ነበርኩ። «ባምቦ፣ ቃሏ ከተነሣች ወሬ ሲቋረጥ ማሽኑ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እንደ ድሮው ነዋ!»

«እንደ ድሮው ማለት እኮ፣ ሳያውቅ ደህና ይላል ማለት ነው።»

«ማዪ ዚዮኔ፣ በየዓመቱ ማዕበል አይመጣም» አሉኝ። «ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል እንጂ ጉድፍ አይቆጠርም።»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ስለ ምሳው ማውራት ተጀመረ።

ባምቦ ንኮሎማ፣ በሰው ፊት ላሳፍርዎ ብዬ አይደለም። እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄ ታማ ሆስፒታል ደጅ ላይ አብረውኝ ያደሩ ሰው ነዎት፤ እስክሞት አልረሳውም። የምፈራውም ለዚሁ ነው። ክፉ ሰው ያመጣው ሐሳብ ቢሆን ሁላችንም ነቅተን በጠበቅነው ነበር። ይህን የወሰንነው ግን ደጋግ ሰዎች ተሰብስበን፣ ሻይ እየጠጣን፣ እየተሳሳቅን ነው።

ፈርቻለሁ። ምን አሽሞነሞነኝ፣ ፈርቻለሁ! ዛሬ ጠዋት ስመጣ የሙላንጄ ተራራ ጭራሽ አይታይም። በግቢያችን ያሉት ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ግድግዳ ለግድግዳ ሲወጡ አይቻለሁ። ጄኔሬተሩ ዛሬም እዚያው ባለፈው ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማዪ ፋሌሲ ትናንት ሲደውሉ ቃላቸውን ከነገሩኝ በኋላ ስልኩን አልዘጉም። «ምነው?» አልኳቸው። «ውኃው ድምፁን ለውጧል» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዝ ዳር የኖሩ ሴት ናቸው። «ምን ማለት ነው?» ብላቸው «እኔስ መቼ ሰምቼው አውቃለሁ፣ እህቴ» አሉ።

ቺፒሊሮ፣ ቁልፉን አስረክቤሃለሁ። ሥራውን ከእኔ ባላነሰ ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጄኔሬተሩን ከዚያ ጉድጓድ አውጣ። ፈቃድ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ሰው ለምነህ ተሸክማችሁ አውጡት። ባትሪው ይሠራል ሲሉህ አትመን፤ መብራቱን ራስህ አጥፍተህ ፈትነው። ቅጂ አለን የሚልህን ሰው «እስቲ ከቅጂው አስነሣና አሳየኝ» በለው። ማሽን ሲወድቅ አትደንግጥ። ማሽን ይወድቃል፤ ሰው ያነሣዋል። ወድቆ የማያውቀውን ግን ሁለቴ እየው።

ሰኞ «ቃሏን አንሣ» ስትባል ምን ታደርጋለህ? አሁን አትመልስልኝ፤ ደመወዝህን የሚፈርሙት ፊት ለፊትህ ተቀምጠዋል። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንዴት እንደምፈራ አውቃለሁ። ስለዚህ አንተን አይደለም የምለምነው። ሁላችሁንም ነው። ብቻውን አትተዉት። እሱ «አይሆንም» ሲል ቢያንስ አንድ ሰው አብሮት ይበል።

ብዙዎቻችሁ «ከእንግዲህ የት ይኖራሉ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ልጄ እዚሁ ሊምቤ ቅሪ ብላኝ ነበር። እሷ በሥራ አገር ስታቋርጥ የምትውል ናት፤ ሁለቱን ልጆቿን የማሳድገው እኔ ነኝ። እነሱን ይዤ ወደ እናቴ መሬት እገባለሁ። ሜዳው ላይ ነው፣ ሩዎ ከትልቁ ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ቤቱ ታድሷል፤ በቆሎው ተዘርቷል። መኪናው ነገ ይመጣል።

እዚያ ስሆን ሰርቨር የለኝም። የይለፍ ቃሌ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተዘግቷል፤ ደንባችን ነው፣ እኔው ራሴ ያወጣሁት። እንደ ማንኛውም የሜዳ ሰው ትንሿን ስልኬን ይዤ ከእናንተ መልስ እጠብቃለሁ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

ያበላችሁኝ፣ ያጠጣችሁኝ፣ የቻላችሁኝ ሁሉ፤ ልመርቃችሁና ልውረድ። ቤታችሁ ውኃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቁም። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። እንግዶቻችሁ በሰላም መጥተው በሰላም ይመለሱ። ጎምቤ አንባቢ አይጣ፤ ከአንባቢዎቹም አንድ ሰው አይጉደል። ባምቦ ንኮሎማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ከዕድሜው ጋር ደግሞ የማይመች ነገር የሚነግርዎትን ሰው አያሳጣዎ።

እኔ ዝናቡ ሲበረታ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ ገጹን እከፍታለሁ። ውኃው እየመጣ ከሆነ ውጡ በሉኝ። ካላወቃችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ አትፈሩ፣ አትሳቀቁልኝ፤ አላውቅም በሉኝ። አንዱን አዝዬ፣ አንዷን በእጄ ይዤ ኮረብታውን እወጣለሁ።

ደህና ካላችሁኝ አስተኛቸዋለሁ።