የሠርክአዲስ ማኅበርና የማንኩሳ ዕድር

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ታሪክ የማስተምር መምህር ነኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ይታገሱ ይባላሉ፤ የማንኩሳ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው ዘመን ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ ነበሩ። በአካባቢያቸው በእጃቸው የቆሙትን የቤተ ክርስቲያን ግንቦች ሲያነሡ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ኩራታቸውም የሚገባቸው ነው። ዛሬ የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ ናቸው።

ወሬያችን ደርቶ ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ሰነበቱ አጎቴ?» አለች።

አያ ይታገሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በአገራችን ሰላምታ መንሣት ቀላል ነገር አይደለም። ሴትዮዋ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ አልፋንም ከኋላችን ተቀመጠች። የሟች ወንድማቸው የአቶ ዘሩ ልጅ ሠርክአዲስ መሆኗን በኋላ ተረዳሁ። ብራስልስ ተምራ፣ የድልድይ መሐንዲስ ሆና ተመልሳ ባሕር ዳር ትሠራለች።

ማንኩሳ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ጎማ ሊቀይር ጉድ ጉድ ሲል እኛ ወርደን የበርበሬ ማሳ ዳር ካለ ካብ ላይ ተቀመጥን። ሠርክአዲስም ራቅ ብላ ቆመች። ሽማግሌው እሷ እንድትሰማ ጮክ ብለው፣ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ፍሪሜሶን የሚሉት ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

ጎጃሜ ሲቆጣ እንኳ ንግግሩ በዙሪያ ነው። ነገሩ ለእሷ መሆኑ ስለገባኝ፣ «እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ ነው የማውቀው። ከሚያውቀው ሰው ቢጠየቅ ይሻላል» አልኩ።

«እንግዲያው ይስሙኝ። እንዳለው የሚባል ነጋዴ ጎረቤት አለን። በስልኩ ፎቶ አሳየን፤ ይህቺ ልጅ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ከፈረንጆች መካከል ቆማለች። ሰይጣን የሚያመልኩ ናቸው አለ። እሑድ ዕድራችን ይሰበሰባል። የእናቷን የሀብትነሽን አባልነት እንሰርዝ የሚል ጥያቄ ቀርቧል፤ ፍርዱን የምሰጥ እኔ ነኝ። ሀብትነሽ ብትሞት ማን ይቀብራታል? እስቲ ይንገሩኝ!»

ሠርክአዲስ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ቀረብ ብላ በትሕትና ቆመች። «አጎቴ፣ እናቴ ምን አደረገች? የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ። ይጠይቁኝ።»

አያ ይታገሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ሰይጣን ታመልካላችሁ?»

«አናመልክም። ያ ሽርጥ የግንበኛ ሽርጥ ነው። ከፊቱ ያለው ምልክትም እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የሠሩበት የማዕዘን መለኪያ፣ እስኳድራ ነው፤ ሌላው ክብ የሚሣልበት ኮምፓስ ነው። ፍሪሜሶን ማለት ነጻ ግንበኛ ማለት ነው። ጥንት የአውሮፓን ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ያነጹ ጠራቢዎች ማኅበር እንደነበራቸው፣ ኋላም ግንበኛ ያልሆኑ ሰዎች እንደገቡበት ይነገራል። ዛሬ ድንጋይ አንጠርብም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጠባይ እንዲጠርብ፣ የተለያዩ ሰዎችም በወንድምነት እንዲኖሩ ነው የምንጥረው። የምንሰበሰብበትን ሎጅ እንለዋለን።»

«ሎጅ? ጢስ ዓባይ ፈረንጅ እንደሚያድርበት ያለ?»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷም ፈገግ አለች። «ስሙ አንድ ነው እንጂ አልጋ የለበትም፣ አጎቴ።»

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «መልካም ሥራ ከሆነ ለምን ትደበቃላችሁ? እኛ ዕድራችንን በአደባባይ ነው የምንሰበስበው።»

«ይህ ጥያቄዎ ትክክል ነው» አለች። «አውሮፓ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አባል ናቸው ተብለው የታሰሩና የተገደሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሰው የራሱን አባልነት ይናገራል እንጂ የሌላውን አያወጣም። ነገር ግን ከሚገባው በላይ ተደብቀናል ብዬ አምናለሁ። እኔ ራሴ ቀድሜ ብነግርዎት ኖሮ እናቴ ዛሬ በእንዳለው ስልክ ባልተከሰሰች።»

ይህን በማመኗ የሽማግሌው ፊት ጥቂት ፈታ አለ። ተከራካሪ ስሕተቱን ሲያምን ነገሩ እንደሚበርድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ነገር ግን አያ ይታገሱ ገና ትልቁን ድንጋይ አላነሡትም ነበር።

«እግዚአብሔር የለም የሚል ሰውም ይገባል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ፍሪሜሶን ሁሉ አንድ አይደለም። በፈጣሪ ያላመነ አይግባ፣ ሴትም አትግባ የሚሉ አሉ። እኔ ያለሁበት ግን ሊበራል የሚባለው ነው። ሃይማኖት የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ጉዳይ ነው ይላል። ሴቱም ወንዱም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አይሁዱም፣ ምንም የማያምነውም እኩል ይቀመጣል። የእኔን ጾምና ጸሎት የነካብኝ ማንም የለም።»

«ከከሃዲ ጋር አንድ ማዕድ! ወንድሜ ዘሩ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ጥሩ ሆነ!»

ሠርክአዲስ ካቡ ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠችና በዝግታ ተናገረች።

«አባቴ የሞተ ጊዜ እርስዎ ነበሩ ደውለው ያረዱኝ። ለመምጣት ፈቃድ አጥቼ ቀረሁ። ቤቴን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የማኅበራችን ሰዎች ሰምተው መጡ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ፤ በእግዚአብሔር የማያምኑ። የአገሬ ወግ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደማይለይ ነገርኳቸው። አልተለዩኝም። ምግብ አመጡልኝ። የአባቴ ፍትሐት እንዲደረግልኝ የኢትዮጵያውያንን ቤተ ክርስቲያን አፈላልገው ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጫማቸውን አውልቀው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ከኋላዬ ቆሙ። ለምን ቆሙ ብላቸው፣ ‹ያንቺ ኀዘን ነውና› አሉኝ።»

አያ ይታገሱ ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ጭነው ተደገፉ። ነፋሱ ከማሳው የበርበሬ ሽታ ያመጣል። ድምፃቸው ተለውጦ፣ «ልጄ፣ ዘሩን ስቀብር አንቺን ነበር የማስብ። በሰው አገር ብቻዋን ታለቅሳለች እያልኩ እህል አልወርድልህ አለኝ። ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«እንዲህ ያለ ወሬ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ለወንድሜ ለቅሶ የደረሱትን ሰዎች ሰይጣን ብዬ ብፈርድ ዕዳው የኔ ነው።»

እኔም አንገቴን ደፍቼ እንባዬን ጠረግሁ። ሽማግሌው ግን ልባቸው ቢነካም ክርክራቸውን አልተውም። እንዲህ ያለውን ሰው እወዳለሁ።

«ይሁን። ማኅበራችሁ ወደፊትስ ምን ይሆናል? ማንኩሳ ልትተክይው ነው?»

«ማንንም ግባ ብሎ መለመን ልማዳችን አይደለም። የወደፊቱን ከጠየቁኝ ግን ሥጋት አለኝ። በዚያ አገር አባላቱ እያረጁ ነው። ወጣቱ ስልኩን ይዞ ቀርቷል። አንዳንዱ ሎጅ የጥንቱን ክብር እያወራ ሥርዐቱን ብቻ ይደግማል። በቅኝ ግዛት ዘመንም ሰው ሁሉ ወንድም ነው እያሉ ጥቁሩን ከወንድም ያልቆጠሩ ነበሩ፤ ይህንን በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ለትምህርት መስፋፋት፣ ለኅሊና ነጻነት፣ ለሴቶች መብት የታገሉ ስላሉበት እኮራበታለሁ። ከእንግዲህ የሚኖረው በሩን ከከፈተ ነው። ሰዎች በወገንና በሃይማኖት ተለያይተው በሚፈራሩበት ጊዜ፣ የማይስማሙ ሰዎች አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጥበት ቤት ያስፈልጋል። አሳቡ በኛ ቋንቋ፣ በኛ ዕድርም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስሙ ፍሪሜሶን ባይሆን ምን ቸገረኝ?»

«እኔን ግን አባል ሁን እንዳትይኝ። ጥምቀቴ ይበቃኛል።»

«አልልዎትም፣ አጎቴ።»

ሹፌሩ ጠራን። ሽማግሌው ሲነሡ እጃቸውን የሰጡት ለእኔ አልነበረም፤ ለእሷ ነበር። በሚኒባሱም ከጎናቸው አስቀመጧት፤ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ማንኩሳ ሲወርዱ፣ «መምህር፣ እሑድ ቢመጡ ደስ ይለኛል» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። የዕድሩ አዳራሽ ሞልቷል፤ ወንዶች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ፤ ሠርክአዲስም ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። አቶ እንዳለው ተነሥቶ ክሱን አሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሃይማኖቱ የሠጋ ሰው ነበር። «ዛሬ ዝም ብንል ነገ ልጆቻችንን ይወስዱብናል» አለ።

አያ ይታገሱ፣ «ወይዘሮ ሀብትነሽ ትናገር» አሉ። ሴት ተነሥታ እንድትናገር መጠየቁ በዚያ ዕድር ያልተለመደ ነበርና ጉምጉምታ ሆነ። ሀብትነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ባሌን ቀብራችሁልኛል፤ ውለታችሁን አልረሳም። እንጀራዬ ከእናንተ እንጀራ ጋር ሲበላ ኖሯል። ልጄን በሰው አገር ያስተዛዘኗትን ሰዎች ስም እንኳ አላውቅም፤ ግን በየጸሎቴ አነሣቸዋለሁ። ለዚህ ከቀጣችሁኝ ቅጡኝ።»

አያ ይታገሱ ተነሡ።

«እኔ የዚያ ማኅበር አባል አይደለሁም፤ አልሆንምም። ልጅቷን ግን ጠይቄ፣ ተከራክሬ፣ መልሷን ሰምቻለሁ። የክስ ማስረጃችን ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶውም ላይ ያለው የሙያዬ ዕቃ ነው። ግንብ ስሠራ ድንጋዩን ሁሉ አንድ ልክ አድርጌ አላውቅም። ትልቁንም ትንሹንም፣ ጥቁሩንም ነጩንም አግጥሜ ነው ያቆምኩት። እንዳለው፣ ሥጋትህ ይገባኛል። ልጆቻችንን የምናጣቸው ግን የጠየቁንን ሳንመልስ ስናባርራቸው ነው። ሀብትነሽ አባላችን ናት።»

ሌላም ጨመሩ። «የአቶ ኢሳ ቤት ከቤቴ ግድግዳ ይጋራል። እስላም ነውና ዕድራችን አይቀበለውም፤ ሰው ሲሞትበት ወገን ከፍኖተ ሰላም እስኪደርስለት ይጠብቃል። ፈረንጅ ለወንድሜ ለቅሶ ሲደርስ እኔ ግድግዳ ለሚጋራኝ ሰው አልደርስም? እንግዳ ሰው አስተማረን አንበል፤ ከእኛ የወጣች ልጅ ናት ያስተማረችን። ደንቡ ይለወጥ።»

ክርክሩ እስከ ቀትር ቆየ። በመጨረሻ እጅ ይነሣ ተባለ፤ ሴቶቹም እጃቸውን አነሡ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ደንቡ በብዙ ድምፅ ተለወጠ። አቶ እንዳለው እጁን ባያነሣም ሲወጣ ሠርክአዲስን ይቅርታ ጠይቋታል።

አንባቢዬ ከዚህ ለውጥ ምን ተገኘ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በዐይኔ ያየሁትን እመሰክራለሁ። ድንኳኑና ወንበሩ ለሁለቱም ወገን ሆነ። ሴቶች ሸክሙን ብቻ ሳይሆን አሳቡንም ተካፈሉ፤ በእነሱ አሳብም ዕድሩ ከቀብር አልፎ የታመመ ሰው መጠየቅና ወላድ መርዳት ጀመረ። መንገዱ ዳግም በተዘጋ ጊዜ ክርስቲያኑና እስላሙ ነጋዴ ያላቸውን ጨውና ዘይት ለሰፈሩ አካፈሉ፤ ጠብ የሚጭር ወሬ ሲመጣም ሁለቱም ወገን በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ እውነቱን አጣራ። ፍሪሜሶን አገራችን ይምጣ አይምጣ እኔ አልወስንም። የሚያዘልቀው ነገር ካለው ግን፣ ሽርጡና ምልክቱ አይደለም፤ ሰውን ከእምነቱ ሳያፈናቅሉ ከጎረቤቱ ጋር ማቀራረቡ ነው። ማንኩሳዎች ይህን በራሳቸው ዕድር አድርገውታልና በእነሱ እኮራለሁ።

በክረምቱ መግቢያ የአቶ ኢሳ እናት ወይዘሮ ሙስሊማ ዐረፉ። እኔም ሄጄ ነበር። ዝናቡ ያለ ዕረፍት ይወርዳል። ሴቶቹ ውኃ ቀድተው አመጡ፤ ሬሳውን የራሳቸው ሰዎች በወጋቸው አጥበው ሲያወጡት፣ ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል አቶ እንዳለው ነበረ። አያ ይታገሱ ጭቃውን እየረገጡ እስከ እስላም መቃብር ሄዱ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅም ከዳር ቆመው ጠበቁ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አቶ ኢሳ መጥቶ ከእግራቸው ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዘው አነሡት።

«አያ፣ በምን ቃል ላመስግንዎት?»

«እኔን ነው የምታመሰግነኝ?» አሉ ሽማግሌው ጋቢያቸውን በእሱ ትከሻ ላይ እየጣሉ። «የቤታችን ሰው ነው የሞተብን።»