ገመዱን በሙሉ የሰጠኝ ሰው

እንዴት አደርሽ ታሳዲቴ? ደህና ነሽ? እናትሽስ፣ ወገባቸው ተሻላቸው? አይ፣ እኔማ እንዲሁ ነው የመጣሁት። በክራንቼ እያነከስኩ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ መኪናው ላይ ዕቃ ሲጫን አየሁና ጓደኛዬን ሳልሰናበት እንዴት አልፋለሁ ብዬ ነው። አየሩ ደስ አይልም? የቤጃያ ባሕር እንዲህ ሲተኛ ሰው ላይ ክፉ የሚያስብ ይመስላል? እንቺ፣ ይቺን ደረቅ በለስ ያዢ፤ ጁርጁራ ተራራ ላይ ይበርዳል።

ለመሆኑ ዓለቱን ስትወጪ በገመድ ከማን ጋር ነው የምትታሰሪው? … እ? ከእሱ ጋር? ውይ፣ ታድለሽ!

ኧረ ምንም ማለቴ አይደለም። እሱን ተይው፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ዕቃውን እያሰረ ያፏጭ። እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው… አንቺ የማታውቂው ሰው እንበል።

ይሄን ጉልበቴን አየሽው አይደል? እንዴት እንደሆነም ሰምተሻል። ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «ማዕበል ሊበላት ሲል አዳንኳት» የሚለውን ነው የሰማሽው? እሱ ነው ትክክለኛው። እኔ ታች ስለነበርኩ በደንብ አላየሁም።

ደግሞ ማን አስገደደኝ? እኔ ፈሩጃ፣ ደረጃ ስወጣ የማለከልክ ሴትዮ፣ የባሕር ገደል ልወጣ! ቤቴ መስታወት የለም? ቀይ ሱሪ ገዝቼ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ካፕ ካርቦን ገደል ሄድኩ። በገመድ ወርደን ከውሃው ትንሽ ከፍ ያለች ጠባብ እርከን ላይ ቆምን። እርከኗ ራሷ እኔን ስታይ የተሳቀቀች መሰለኝ።

ያ የማታውቂው ሰው ቀድሞ ወጣ። እኔ ከታች ገመዱን ያዝኩለት፤ መዳፌ እስኪላጥ ያዝኩለት። የእኔ እጅ ችግሩ መጨበጥ ነው፣ ስስታም ነኝ መሰለኝ። እሱ ግን ሲወጣ እንዴት ያምራል! ከፍ ያለ ሰው ነው። በጣም ከፍ ከማለቱ የተነሳ… ታች ያለ ሰው አይታየውም።

ገደሉ አናት ላይ ሲደርስ ተራው የእሱ ሆነ፤ ገመዱን ይዞ እኔን ሊያወጣ። በየጉዟችን እሳት ዳር ተቀምጦ «በአንድ ገመድ የታሰረ ወንድምና እህት ነው» ሲል፣ እንባዬን የምጠርገው እኔ አይደለሁ? ባሕሩ መነሳት ጀመረና «ያዝከኝ?» ብዬ ጮህኩ። ከላይ የሰው ሳቅ ሰማሁ። አገር ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ «ጀግናው፣ አንድ ፎቶ አብረን እንነሳ!» ይሉታል። እንግዳ አክባሪ መሆኑን ታውቂ የለ… አይ፣ ለካ አታውቂውም። ታዲያ ገመድ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ ያምራል? ፈታው። የሆነ ነገር ላይ ሳያስረው ፈታው።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ገመዱ በሙሉ መጣልኝ! ተንሸራቶ፣ ተጠማዝዞ፣ አናቴ ላይ። እንዲህ ያለ ለጋስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሌላው ሰው አንዱን ጫፍ ለራሱ ያስቀራል። እሱ ሁለቱንም ሰጠኝ። ድሮም እጁ ጨባጭ አይደለም።

የእኔን ሞኝነት ስሚ ደግሞ። አዲስ ዘዴ መሰለኛ! የወደቀውን ጫፍ አንስቼ እሱንም ወገቤ ላይ አሰርኩት። ከራሴ ጋር ታስሬ፣ ወደ ሰማይ አንጋጥጬ፣ «ዝግጁ ነኝ!» አልኩ። ሳቂ እንጂ፣ ምን ያፍንሻል?

በስንት ጥሪ መጨረሻ ላይ የመጣችልኝ ጦጣ ናት። ዳቦዬን ከቦርሳዬ አውጥታ በላች። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነው የበላችው። ማዕበሉ መትቶ ጉልበቴን ከዓለቱ ጋር ሲያጋጨው እንኳ ዞር ብላ አየችኝ።

ያወጡኝስ እነማን መሰሉሽ? ከሴቲፍ ከተማ ለሽርሽር የመጡ ሴቶች። ከበሮ እየመቱ በጀልባ ሲያልፉ ገመዱን አውለበለብኩላቸው። አንዷ አክስት «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። «ስፖርት» አልኳት። ምን ልበላት? ዘለልኩ። ተጋግዘው እንደ ትልቅ ዓሣ ጎትተው ሲያስገቡኝ ጀልባዋ አጋደለች፤ «ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ምን በልታ ነው?» ተባልኩ።

«ወንድ አብሮሽ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«አለ፤ ወንድሜ… ላይ ነው።»

«ላይ?» አሉና ከበሮውን አቆሙ። «አላህ ይማረው!»

ወደብ ስንደርስ ሟቹ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ሰርዲን ይበላል። «ጀልባ ላኩልሽ እኮ!» አለኝ። አክስቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አመሰገንኩት። ልከራከረው? ሰርዲኑ ይቀዘቅዝበት የለ?

እና ታሳዲት… ሳቁን ተይውና፣ ጉልበት ይድናል። ያኔ ገመዱ ሲወድቅ ከላይ አንዲት ድምፅ ጠብቄ ነበር። «ፈሩጃ!» የምትል ብቻ። በድንጋጤም ቢሆን፣ በስህተትም ቢሆን። አልመጣችም። እኔን ያመመኝ እሱ ነው።

ውይ… ፉጨቱ ምነው ቆመ? ነፋስ ይሆን?

አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ? ቦርሳሽን ከመኪናው ለምን ታወርጃለሽ? እኔ ምን አልኩ? ስለማታውቂው ሰው ባወራሁ የታሰበ ጉዞ ይሰረዛል? ኧረ ሰው ይታዘበናል! … እሺ፣ ካወረድሽውም በደንብ ያዢው፣ ከባድ ነው። እኔ እንዳልረዳሽ ይኸው በክራንች ነኝ።

በይ፣ ሰውን አምቶ መለያየት ደግ አይደለም። ያን ሰውዬ እንመርቀው። ጮክ ብዬ ልበል፣ ምርቃት ሲሰማ ነው ደስ የሚለው። አንቺ እጅሽን ዘርጊና አሚን በይ። አላህ ዕድሜውን ያርዝመው። ገጹን ያብራለት። ወዳጅ አያሳጣው፤ በተለይ በጭንቁ ቀን፣ ጠርቶ ጠርቶ ድምፁ ሲዘጋ… ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ ይላክለት።