ጥርስ ያበቀለው ዕጢ

እህቴ አስካለ እዚህ ጁባ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከእንቁላል ማምረቻዋ ላይ ዕጢ ወጣላት። ኢትዮጵያ ያደገው ሐኪሟ ዕጢውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ሰጠኝና በጥሩ አማርኛ «ፀጉርና ጥርስ አብቅሏል፤ አትደንግጪ። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አልፎ አልፎ ግን ውስጡ ካንሰር ይነሳል። እኛ ጋ መመርመሪያ የለም፤ ካምፓላ ላኪው» አለኝ። በማግስቱ መንገደኛ አግኝቼ ዕጢውን ልወስድ ቤት ብገባ፣ የለም! አስካለን የሚያስታምሙት፣ እንደ እናት የምናያቸው ባለሆቴሏ እትዬ ዘነቡ፣ «እፎይ በይ ልጄ» አሉኝ። «በሰው ሆድ ጥርስ ይበቅላል? መተት ነው እንጂ! ጸበል ረጭቼ እዚሁ ነጭ ዓባይ ውስጥ ወረወርኩት። ኸላስ፣ አለቀ።»

ደሜ ፈላ። «ማን ፈቀደልሽ?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ አንቱታውም ጠፋኝ። «ካንሰር ቢሆንስ?»

«አታሟርቺ!» አሉኝ። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ እሳቸውን ትቶ «ለእናት እንዲህ ይባላል?» እያለ እኔ ላይ ወረደብኝ። ይቅርታ አስጠየቁኝ እኮ! እኔን!

ወራት ቆይቶ የአስካለ ሆድ እንደገና ተነፋ። ሐኪሙ ገና ሲያየን «የካምፓላው ውጤት የታለ?» አለ። እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ቆመው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«እሳቸውን ጠይቃቸው» አልኩት። «ለዓባይ የላኩት እሳቸው ናቸው።»