ክቡ ማዋለጃ ቤትና ሲስተር ንጋት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በፊት ሲስተር ንጋት፤

የሽኝት ንግግር የሚጀመረው ተሸኚው መሥሪያ ቤት ከገባበት ቀን ነው። እኔ ግን ተቸገርሁ። ሲስተር ንጋት ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤታችን አልመጡም፤ እኛ ነን የመጣንባቸው። ማዋለጃው ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛውሮ ቤቱ ለእኛ የተሰጠ ዕለት፣ ጠረጴዛችንን ጋቢ አልብሰን ለአራት ተሸክመን ገባን። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴት መሐል ወለሉ ላይ ቆመው ጠበቁን።

"ስንተኛ ልጇ ነው?" አሉን።

"ጠረጴዛ ነው፣ ሲስተር።"

"ቢሆንም ብርድ ላይ አታቁሙት፤ አስገቡት!"

ሌሎቹ አዋላጆች ሁሉ ሄደው እሳቸው ለምን እንደቀሩ ጠየቅኋቸው። "ማዋለጃው ሄደ እንጂ እናቶቹ መች ሰሙ?" አሉ። አለቆቻቸው ተከራክረው ተከራክረው ሲደክማቸው፣ የጎብኚዎች አስረጂ አድርገው ለእኛው መደቧቸው።

ቤቱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። መሐንዲሱ ያቀደው ባለ አራት ማዕዘን ነበር ይባላል። የላስታ ግንበኞች ግን ቀዩን ድንጋይ በጭቃ እያያዙ፣ እንደ አባቶቻቸው ክብ አድርገው፣ ፎቅ ደርበው፣ ደረጃውን በውጭ በኩል ሠሩት። መሐንዲሱ መጥቶ "ማዕዘኑስ?" ቢል፣ "ማዕዘን ብርድ ይይዛል፤ አራስ ይጎዳል" አሉት። በዚህ የተነሣ አልጋ የሚጠጋበት ግድግዳ ጠፋ። አልጋዎቹ ግርጌያቸውን ወደ መሐል አድርገው ዙሪያውን ተደረደሩ። ምጥ የያዛት ሴት ቀና ስትል ሙሉ ሸንጎ ፊት ለፊቷ ነው! አንዷ ስታምጥ ሁሉም "አይዞሽ!" ይሏታል። ሁለት ካማጡ ውድድር ነው። ማዋለጃ ክፍሉ ደግሞ ፎቅ ላይ። አንድ ሐኪም "ምጥ የያዛት ሴት እንዴት ደረጃ ትወጣለች?" ብሎ ቢቆጣ፣ ሲስተር "ግማሹን ሥራ ደረጃው ይሠራልዎታል" አሉት።

አስረጂ ከሆኑም በኋላ አመላቸው አልለቀቃቸውም። ጎብኚ ደረጃውን ሲወጣ "ቀስ! ተንፍስ! ገና ነህ፣ አትግፋ!" ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ ንግግር ሲያረዝሙ፣ "ይግፉ እንጂ ጌታዬ፣ ጭንቅላቱ ታይቷል!" ያሉበትንስ ቀን ማን ይረሳዋል?

አምና ቤቱ ሊፈርስ ነበር። ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ቦታውም ለመኪና ማቆሚያ ይሁን ተባለና ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው አቶ አዳም፣ ይኸው ዛሬም አብረውን ናቸው፣ ፎቁ ላይ ቆመው "ይህ ቤት ከእንግዲህ አገልግሎት የማይሰጥ በመሆኑ" ብለው ማንበብ ሲጀምሩ፣ ከደረጃው ጩኸት ተሰማ። ሰአዳ የምትባል ሴት ናት፤ ባሏ ሸዕባን ደግፎ ከጋሸና ድረስ አምጥቷታል።

"ማዋለጃው እኮ ታች አዲሱ ሕንፃ ነው!" አልሁት።

"እናቴ እኔን የተገላገለችው እዚህ ክቡ ቤት ነው። እዚያው ውሰዳት ብላኛለች!"

ሲስተር አዩዋት። "የትም አትደርስም። አንተ፣" አሉኝ፣ "አምቡላንስ ጥራ! ኮሚቴ፣ ከጠረጴዛው ተነሡ!"

ኮሚቴው ተነሣ። "እንውጣ እንዴ?" አሉ አቶ አዳም።

"ደረጃውን እንዳትዘጉ! ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!"

ባለ ሙሉ ልብስ ሹማምንት ከእኔ ጋር ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ። አቶ አዳም አፍንጫቸው ስንጥቁ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ሲስተር ቀጠሉ፤ "ምን ዝም ትላላችሁ? አይዞሽ በሏት እንጂ!" ኮሚቴው ያለ አንድ ተቃውሞ፣ በሙሉ ድምፅ "አይዞሽ!" አለ።

ወንድ ልጅ ተወለደ። አምቡላንሱ ደርሶ እናትና ልጅ በደህና ሲሸኙ፣ ሸዕባን የሰብሳቢውን እጅ ያዘ።

"ስምዎ ማን ነው፣ ጋሼ?"

"አዳም።"

"አልሐምዱሊላህ! ይኼማ ለእኛም ስም ነው። ልጄ አዳም ይባላል።"

አቶ አዳም ወረቀታቸውን አነሡ፣ "አገልግሎት የማይሰጥ..." አሉና አቆሙ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ሞክሼዬ የተወለደበትን ቤት አፍርሼ በየት አገር ልኖር ነው?" አሉ። ስንጥቁ ተጠገነ፤ ቤቱም ይኸው ቆሟል።

ሲስተር፣ እስካሁን ስቀንብዎታል። አሁን ግን አንድ ነገር ሳልናገር አልቀመጥም። ያን ቀን ሕፃኑ ወጥቶ ሳያለቅስ ትንሽ ቆይቶ ነበር። ፊታችን ወደ ግድግዳ ስለሆነ አላየንዎትም፤ ድምፅዎን ብቻ ነው የሰማን። "ና የኔ ጌታ፣ ና። ሰዎችህ ሁሉ እዚህ ናቸው" ይሉት ነበር። ከዚያ አለቀሰ። ከጎኔ የቆመው የኮሚቴ አባልም አለቀሰ። የቤቱን ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ያን ድምፅ የቱ ምዕራፍ ውስጥ እንደማስገባው ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስለዚህ እዚህ፣ በሰው ፊት ተናገርሁት። እናመሰግንዎታለን፤ እኛም፣ እዚህ የሌሉት እናቶችም።

እንግዲህ ነገ ብልባላ፣ እህትዎ ዘንድ ሊሄዱ ነው። ወዳጆቼ፣ ጠላ የያዛችሁ ጠላችሁን፣ ብርዝ የያዛችሁ ብርዛችሁን አንሡ! ሲስተር፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ እስኪነጋ የሚያስተኛ እንቅልፍ ይስጥዎ። በርዎን የሚያንኳኳ ሁሉ ለጥየቃ የመጣ ይሁን። ምጥ ይዟት የምትመጣ ካለች ግን፣ ምን ይደረጋል፣ እሷም ዕድለኛ ናት።

ለሲስተር ንጋት ጤና!