ሁለት ጊዜ የታጠበው ሳህን

ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቅበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ስኳር ሲበደር ይተዋወቃል፤ ሌላው ሲጣላ። ልብስ ሰፊዋና ፋርማሲስቷ ግን አንድ ሕንፃ ላይ እየኖሩ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ወሬ የጀመሩት እርጥብ ሸሚዝ ከሰማይ ሲወርድ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግቢው ቧንቧ ላይ ያጠበችውን ልብስ በትልቅ ሳፋ ሞልታ፣ ጣሪያው ላይ ልታሰጣ ደረጃውን ትወጣለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የቀኝ እጇ ጣቶች እንደ ልማዳቸው ድንዝዝ አሉ፤ ሳፋውም አመለጣት። ከታች ትመጣ የነበረችው ፋርማሲስት የኮቴ ድምፅ መስሏት ቀና ብትል፣ የአንድ ጎረምሳ ሸሚዝ መጥቶ ፊቷን ሸፈነው።

"ወይኔ ጉዴ! ጎዳሁሽ እንዴ እህቴ?"

"ኧረ ምንም አልሆንኩ እትዬ" አለች ፋርማሲስቷ ሸሚዙን ከፊቷ ላይ እየገፈፈች። "በዚህ ሙቀት እንዲያውም ደግ አደረጉ።"

ሁለቱም ሳቁ። አብረው ደረጃው ላይ የተበተነውን ሱሪና ካልሲ መልቀም ጀመሩ።

"ይሄን ሁሉ ብቻዎን ነው ያጠቡት? ልጆቹ የሉም?"

"የሉም? አሉ እንጂ! ቤት ናቸው። እዚህ ምን ይሠራሉ?" አለች ልብስ ሰፊዋ። ይህን ስትል በኩራት ደረቷን ነፋ አድርጋ ነበር። በእርግጥም የሕንፃው ሴቶች የእሷ ልጆች እንዴት በእንክብካቤ እንዳደጉ ሲያወሩ ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

ፋርማሲስቷ የሳፋውን አንድ ጆሮ ይዛ ቤቷ ድረስ አደረሰቻት። በሩ ገና ሳይከፈት ከውስጥ "እማዬ! ውሃ!" የሚል ድምፅ መጣ።

ቤቱ አንድ ሰፋ ያለ ሳሎንና በጎኑ ያለ ማዕድ ቤት ነው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ ቆሟል፤ አጠገቡ ገና ኮሌታ ያልተሰፋላቸው የተማሪ ሸሚዞች ተቆልለዋል። ሶፋው ላይ ሦስቱ ልጆች ተደርድረዋል። ትልቋ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት፣ መጽሐፍ ታነባለች። ከእሷ የሚቀጥለው፣ ከንፈሩ ላይ ጸጉር ማብቀል ጀምሮ እንኳ ማሙሽ መባል ያልቀረለት ወንድሟ፣ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጧል። ሚጣ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ክሩ ያልታሰረ ጫማዋን ወደ ፊት ዘርግታ የሚያስርላትን ትጠብቃለች። ውሃ የጠማው ማሙሽ ነው። የውሃው ጆግ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማሙሽ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል።

እናት ሳፋዋን ጥላ ሮጠች። ውሃውን ቀዳች፣ ለማሙሽ ሰጠች፤ ተንበርክካም የሚጣን ጫማ አሰረች። ፋርማሲስቷ ግን የልጆቹን ነገር ትታ ሌላ ነገር አየች። ሴትዮዋ አንዲት ብርጭቆ ያነሳችው በሁለት እጇ ነው።

"እትዬ፣ እጅዎን ምን ሆነው ነው?"

"ምንም አይደል። ሲያመው ሲተወው ነው።"

"ሐኪም አይቶታል?"

"አይቶታል። አንጓዬ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል አለኝ። ትንሽ ኦፕራሲዮን ይበቃዋል፤ ከዚያ ግን ለሳምንታት ዕቃ ማንሳት የለም ነው የሚለው። ቀጠሮ ሰጠኝ፤ ቀረሁ። እንደገና ሰጠኝ፤ እንደገና ቀረሁ። ሌላ ደግሞ ከነገ ወዲያ ሳይሆን ለሚቀጥለው ሰኞ ሰጥቶኛል።"

"አሁንም ሊቀሩ ነው?" አለች ፋርማሲስቷ ቀልድም ቁጣም በተቀላቀለበት ድምፅ።

"ታዲያ ይሄን ቤት ማን ይይዘዋል? ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲመጣም እንግዳ ነው። እኔ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ እነዚህ ምን ይበላሉ?"

"ሐኪሙ ከዘገየ ምን ይሆናል አለዎት?"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ አየት አደረገች። "መርፌ መያዝ ያቅትሻል አለኝ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ትልቋ ልጅ ከመጽሐፏ ቀና አለች። ይህን ከእናቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ፋርማሲስቷ ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ መድኃኒት ቤትም ውስጥ ሰው ክኒኑን በትክክል መዋጡን ካላረጋገጠች አትለቅም።

"እትዬ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጆችዎ ለምንድን ነው የማይሠሩት?"

"ልጆች ናቸዋ! ይማሩ፣ ይጫወቱ። ቤቱን መያዝ የእኔ ነው። እናትነት ማለት ይሄ አይደል እንዴ? ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው።"

"ደስታውን አልክድም። እኔም መንታ ልጆች አሉኝ። ግን ሚጣ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደች ቀን ምን አደረጉ?"

የልብስ ሰፊዋ ፊት በራ። "ጮኬ ሰፈሩን ሁሉ ነዋ የጠራሁት!"

"በማግሥቱ ወድቃ ስታለቅስስ? 'በቃ ልጄ፣ እድሜ ልክሽን እኔ እሸከምሻለሁ' አሏት?"

"ምን ማለትሽ ነው? መራመድማ ትልመድ እንጂ።"

"እኔም የምለው ያንኑ ነው። ልጅ ሲበላ ማየት ደስ ይላል፤ ሲችል ማየት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። እርስዎ አንደኛውን ይዘው ሁለተኛውን ለራስዎ ከለከሉት።"

ልብስ ሰፊዋ በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አፍሽ ይጣፍጣል" አለች። "እኔ ግን ምን እንዳሳለፍኩ አታውቂም። ያደግሁት አክስቴ ቤት ነው። እኩዮቼ ገመድ ሲዘሉ ድምፃቸውን እየሰማሁ እኔ ድስት እፈገፍግ ነበር። ያን ጊዜ ነው፣ ልጅ ብወልድ ድስት አላስነካውም ብዬ የማልኩት።"

እንዲህ ያለ መሐላ ፊት ብዙ ሰው ዝም ይላል። ፋርማሲስቷ ግን ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ድምፅዋም ለስልሶ ነበር።

"ያን ጊዜ ጎሽ የሚልዎ ነበር?"

"ኧረ ወዲያ! ማን?"

"አብሮዎት የሚፈገፍግስ? ከጨረሱ በኋላ 'አሁን ሂጂና ዝለይ' የሚልስ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው እትዬ፣ ያስለቀሰዎት ድስቱ ነው ወይስ ብቻዎን መሆንዎ? ዛሬስ ከማን ጋር ነው የሚፈገፍጉት?"

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ወደ ማዕድ ቤቱ አየች። ያቺ ገመድ ያልዘለለች ልጅ ዛሬም ድረስ ከድስቱ ጋር ብቻዋን እንደቆመች ማንም እንዲህ ፊት ለፊት ነግሯት አያውቅም ነበር።

ሽንፈት እንዳይመስልባት ቶሎ ሌላ ምክንያት ፈለገች። "እሺ፣ ሴቷስ ትሥራ። ማሙሽ ግን ወንድ ልጅ ነው፤ ማዕድ ቤት ምን ይሠራል?"

"ለመብላት ጊዜ ወንድነቱ ከልክሎታል?"

ማሙሽ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። ነገሩ ወደ እሱ እየመጣ እንደሆነ ገብቶታል።

"ሚጣስ? ይቺ ጭብጥ የማታክል ልጅ እሳት አጠገብ ትቁም?"

"ምን በወጣት! ለሁሉም እንደ ዕድሜው ነው። ትልቋ ታብስል፣ እሱ ያጥብ ይጥረግ፣ ሚጣ ካልሲ ታጣምር። ትምህርታቸውንም አይነካም፤ ቴሌቪዥኑን ግን ይነካው ይሆናል።"

"ሞክሬ ነበር እኮ" አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ እጇን እያወዛወዘች። "አያውቁበትም! አንድ ሳህን በወጉ ማጠብ አያውቁም። ከማስተካክል ራሴ ብሠራው ይሻለኛል።"

ይሄኔ ትልቋ መጽሐፏን ዘጋች። "እማዬ፣ እኔ አጥቤ ነበር" አለች። "ባጠብኩ ቁጥር ግን አይኔ እያየ ከመደርደሪያው አውጥተሽ ደግመሽ ታጥቢዋለሽ። አንድ ቀን እንግዳ ፊት ነው ያደረግሽው። ከዚያ በኋላ ተውኩት። አንቺ ደግመሽ ለምታጥቢው ሳህን እኔ ለምን እለፋለሁ?"

እናት ልጇን አየቻት። ያንን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም። ለእሷ ምንም ነገር አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ የቀረ ዘይት ብቻ ነበር። ለልጅቷ ግን በሰው ፊት "አትረቢም" እንደመባል ነበር። ብዙ እናቶች ልጆቻችን ሰነፉ እያልን እናማርራለን፤ የመጀመሪያውን ሥራቸውን በእጃችን እንደሻርነው ግን ልብ አንልም።

ፋርማሲስቷ ነገሩን አላራገበችውም። ከቦርሳዋ ከመድኃኒት ቤት ለሌላ ሰው ያመጣችውን የእጅ አንጓ ማሰሪያ አወጣች። "ይሄ የእርስዎ ይሁን፤ ለባለቤቱ ሌላ አመጣለታለሁ። እስከ ቀጠሮው ቀን ይልበሱትና ማዕድ ቤት ምንም አይንኩ። አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ያሳዩአቸው፤ ከዚያ ይቀመጡ። የሠሩትን ግን ደግመው አይሥሩባቸው። ቤቱ ከፈረሰ ሰኞ ይቅሩ፤ እኔም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

"ካልፈረሰስ?"

"እጅዎን ይዘው ሐኪሙ ጋ ነዋ!"

ልብስ ሰፊዋ እንደሚፈርስ እርግጠኛ ስለነበረች ተስማማች።

የመጀመሪያው ቀን በእውነቱ ለመፍረስ ምንም አልቀረውም። ትልቋ የቀቀለችው ሩዝ ከላይ ጥሬ፣ ከታች አሮ ወጣ። ማሙሽ ብርጭቆ ሰበረ። ሚጣ የአባቷን ካልሲ ከራሷ ካልሲ ጋር አጣምራ "ሁለቱም ጥቁር ናቸው" ብላ ተሟገተች። እናት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ምላሷን ነከሰች። እግሯ በራሱ ጊዜ ይነሳባት ነበር፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

እራት ላይ ትልቋ እሷው ያጠበችውን ሳህን ለእናቷ አመጣች። እናት አየችው። ጠርዙ ላይ የዘይት ምልክት አለ። ጣቷ ሊጠርገው ሄደ፤ ልጅቷም የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ያንን ጣት ታያለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ሰብሰብ አደረገች። ባረረው ሩዝ ፈንታ የቀረበላትን ዳቦና እንቁላል ሳህኑ ላይ አድርጋ በላች። "እጅሽ ይባረክ" አለች፤ ከልቧ ነበር።

ትልቋ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ምልክቱን አየችው። ቀና ብላ እናቷን አየች፤ እንደገና ሳህኑን አየች። "ጠርዙን ረስቼዋለሁ ለካ" አለችና፣ ማንም ሳያዛት ወስዳ ደግማ አጠበችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርዝ ተረስቶ አያውቅም።

ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ሩዙም ሰው ሆነ። አንድ ቀን ማሙሽ ልብስ እያጠበ "ሚጣ! ስንቴ ልንገርሽ፣ ሸሚዝሽን ገልብጠሽ አትጣይ!" ብሎ ሲጮህ ተሰማ። ቃሉም ቁጣውም የእናቱ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሌላም ነገር አገኘች። በዚህ ሁሉ ዓመት ከልጆቿ ጋር አንድም ምግብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጣ በልታ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። አሁን ስትቀመጥ ሚጣ የክፍሏን አስተማሪ አካሄድ እየቀዳች ታስቃቸዋለች፣ ማሙሽ መካኒክ መሆን ይፈልጋል፣ ትልቋም ስለ እናቷ እጅ ስትጨነቅ ከርማለች። የሚወራው ሁሉ ከኋላዋ ነበር የሚወራው።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ቁርስ አቀረቡላት። የሹራቧን ቁልፍ የቆለፈላት ማሙሽ ነው፤ ጫማዋን ያሰረችላት ሚጣ። ክሩን ማሰር በዚያው ሳምንት ነው የተማረችው፤ ቋጠሮው ለመፍታት አስቸግሮ ሐኪሙን ሳይቀር አሳቀ። ኦፕራሲዮኑም ሰመረ። ዕቃ ባላነሳችባቸው ሳምንታት ቤቱ አልፈረሰም፤ ማንም አልተራበም። ፋርማሲስቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ጠብቃ አቀፈቻት። "ረታሽኝ" አለቻት። "እኔ ልጆቼን የማሳርፍ መስሎኝ ነበር። ለካ አያስፈልጉም እያልኳቸው ነው የኖርኩት። አሁን ቤቱ የእነሱም ሆነ፤ የራሱ የሆነውን ደግሞ ማንም አያበላሽም።"

ባልየው ከረጅም መንገድ የተመለሰው እጇ ከዳነ በኋላ ነው። እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ወደ ሶፋው እየሄደ "ሻይ!" አለ።

"ፔርሙዙ አጠገብህ ነው አባዬ" አለች ሚጣ። "ሲኒዎቹን ማጠብ ደግሞ ዛሬ የአንተ ተራ ነው።"

ሹፌሩ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱ ኮሌታ እየሰፋች ነው፣ መርፌው በጣቶቿ መካከል ይሮጣል። ወደ ማሙሽ ዞረ፤ ማሙሽ ፎጣ ወረወረለት። ሰውዬው እያጉረመረመ ገብቶ አጠበ፤ ሻዩንም ቀድቶ ለሁሉም አደለ።

ልብስ ሰፊዋ ሲኒዋን አየችው። አረፋው በደንብ አልለቀቀም። ልጆቹ ሦስቱም አፍጥጠውባታል። እሷ ግን ሲኒዋን በቀኝ እጇ፣ በአንድ እጇ ብቻ አነሳችና፣ ሳሙና ሳሙና የሚለውን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጥታ "እጅህ ይባረክ" አለችው።