ብላክጃክና የሒሳብ አስተማሪው

አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሲያትል ስመጣ ካፒቶል ሂል ላይ የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ጀመር። አንድ እሁድ ጓደኛዬ ካዚኖ ወሰደኝ። ብላክጃክ የካርዶቹ ድምር ወደ ሃያ አንድ የቀረበ የሚበላበት፣ ያለፈ የሚበላበት ሳይሆን የሚሸነፍበት ጨዋታ ነው። የምታጫውተዋ ልጅ የካርዶቿ ድምር አሥራ ሰባት እስኪሞላ ትወስድና ታቆማለች። «ሶ፣ እኔም ልክ እንደሷ ካደረግኩ እኩል ነን» አልኩትና ተቀመጥኩ።

ኪሴ ሊራቆት ሲል ልጅቷ ጎንበስ ብላ በአማርኛ «ቲቸር፣ ሁለታችንም ከሃያ አንድ ብናልፍ ማን ይበላል?» አለችኝ። ለካ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት።

«ማንም አይበላም፤ እኩል ነና» አልኳት።

«አይደለም። ቀድመው የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት። ሃያ አንድን ሲያልፉ ገንዘብዎን ወዲያው አነሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ እኔም ባልፍ አይመለስልዎትም። ካዚኖው የሚበልጠው በዚህ ነው።»

ጓደኛዬ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ሳይታየኝ መቅረቱ አንገበገበኝ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እዚህ ነው የተማርኩት። እርስዎማ በሒሳብ ጥለውኝ የለ?»

አፌ ላይ የመጣልኝ የድሮው ቃል ብቻ ነበር። «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

እሷ እንደቆመች ቀረች፤ የተነሳሁት እኔ ነኝ።