የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደነበረ

ተጨማሪ የምስክር ቃል

ምስክር፦ 3ኛ ምስክር፣ ሴት፣ ዕድሜ 38
ሥራ፦ የተጨማሪ ቋንቋ መምህርት፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
አድራሻ፦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የመምህራን መኖሪያ፣ 2ኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር 14
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10 ጀምሮ፣ ምርመራ ክፍል 2
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ባለፈው ሰኞ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት በዚሁ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ያ ቃል ውሸት አለበት። ዛሬ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ያንን ለማስተካከል ነው። መርማሪው የምናገረው በራሴ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል፣ ዝም የማለትም መብት እንዳለኝ አስቀድሞ ነግሮኛል። ዝምታውን ሦስት ቀን ሞክሬዋለሁ፣ አልሆነልኝም፣ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ተጨማሪ ቋንቋ የምናስተምር አሥራ ስምንት መምህራን በማሠልጠኛ ማዕከሉ ምድር ቤት፣ ክፍል 4 ውስጥ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ላይ ነበርን። አሠልጣኙ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው አዛውንት ናቸው። አካሄዳቸው እንዲህ ነው፦ ማናችንም የማናውቀውን፣ ከባሕር ማዶ ያለ የአንድ ደሴት ቋንቋ ከዜሮ ያስተምሩናል። ከ3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት ከዚያ ቋንቋ ውጪ ትንፍሽ አይባልም። ቃሉ የጠፋው ሰው በእጁና በፊቱ አስመስሎ ያስረዳል። ልጆች ፊታችን ተቀምጠው የሚሆኑትን እኛም ሆነን እንድናየው ነው። ስልክ ውስጥ መዝገበ ቃላት ስላለ ስልክና ቦርሳ ጠዋት ጠዋት በብረቱ ቁም ሳጥን ይቆለፋል፣ ቁልፉም አሠልጣኙ ጋ ይሆናል። በየቀኑም ከእኛው አንድ ሰው ዘብ ይሆናል። ዘብ ማለት በራሱ ቋንቋ በተናገረ ሰው ላይ ቀይ ካርድ የሚያነሳ ነው። ሰኞ ዘቧ እኔ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ቃሌ ቁልፉ አሠልጣኙ ጋ ነበር ብያለሁ። ሐሰት ነው። ሰኞ ወረቀት ለማባዛት እንደሚወጡ ስላወቁ ጠዋት 2፡50 ላይ በሩ ጋ ቁልፉን በእጄ ሰጥተውኛል። ሲሰጡኝም «የታመመ ወይ የደነገጠ ሰው ካየሽ ደንብ ምናምን የለም፣ እኔን ሳትጠብቂ ክፈቺ» ብለውኛል። ይህንን ያየችና የሰማች አጠገቤ ቆማ የነበረችው ሙሽሪት ብቻ ናት።

ሙሽሪት የምንላት ጉዳት የደረሰባት መምህርት የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፣ እኛ ቤት ግን ዛሬም ሙሽሪት ናት። አስም እንዳለባት አውቃለሁ። በአፍ የሚሳበው መድኃኒቷ ቦርሳዋ ውስጥ እንደሚቀመጥም አውቃለሁ። ቤት ረስታው ስትወጣ ስንቴ እየሮጥኩ አድርሼላታለሁ። ነገ ዓይኔን በጨው አጥቤ አላወቅኩም እንዳልል ይህ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

ከጠዋቱ 4፡15 አሠልጣኙ ወረቀት ሊያባዙ ወደ ሕንፃው ሌላኛው ጫፍ ሄዱ። ጎን ያለው ክፍል ቀለም እየተቀባ ስለነበረ ሽታው እኛ ክፍል ድረስ ይገባ ነበር። የልምምድ ትምህርት ተራው የስፖርት መምህሩ ነበር። ዕድሜ ልኩን ኳስ ሲያስተምር ኖሮ ዘንድሮ ቋንቋ የተደረበበት ሰው ነው። የመረጠው ርዕስ ሐኪም ቤት ነው። ወረቀት ጠቅልሎ በጀርባችን ልባችንን ያዳምጣል፣ እኛ በሽተኛ ነን። አንዱ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ አንዷ ዓይኔ ጠፋ ብላ በዳበሳ ትሄዳለች። ሳቁ ጣራ ሊነቅል ደርሶ ነበር።

4፡20 ሲል ሙሽሪት ደረቷን ይዛ እያሳለች ተነሳች። ሰዓቱን የማውቀው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለነበረ ነው። ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበላት፣ ትወናዋን ወደውላት ነው። የስፖርት መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ጀርባዋን ሊያዳምጥ ሲጠጋ ገፍትራው ወደ እኔ መጣች። በጣቷ ቁም ሳጥኑን አሳየችኝ፣ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ በራሳችን ቋንቋ «ቁልፉን ስጪኝ፣ በሞቴ» አለችኝ። ከጫጫታው የተነሳ ከእኔ በቀር የሰማት የለም። እኔ ቀይ ካርዱን አነሳሁባት።

ክፍሉ ሳቀ። በእጄም በቋንቋው ጠይቂ ብዬ አመለከትኳት። ቁልፍ የሚለውን ቃል ገና አልተማርንም ነበር፣ ያንንም አውቃለሁ።

ሰኞ ዕለት ሁላችንም የምታስመስል መስሎን ነበር ብያለሁ። ስለ ሌሎቹ እውነት ነው። እኔ ግን ዓይኗን አይቻለሁ። መርማሪው ታዲያ ለምን ከለከልሻት ብሎ ጠይቆኛል። ቅናት ነው። ያን ዕለት ጠዋት አሠልጣኙ ለሚቀጥለው ዙር ረዳት አሠልጣኝ እንድትሆን እሷን መምረጣቸውን በሁሉም ፊት ተናግረዋል። ወደ ማስተማሩ ያስገባኋት እኔ! የመጀመሪያዋን የትምህርት ዕቅድ ቁጭ ብዬ የጻፍኩላት እኔ! አሥራ አራት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ኖሬ እሷ በአራት ዓመቷ አለፈችኝ። አፌ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ሆዴ እርር ብሏል። ካርዱን ሳነሳ እስቲ አሁን ደግሞ ቃል ሲጠፋት እንያት ብዬ ነው። እንድትሞት አልፈለግሁም። እንድታፍር ግን ፈልጌያለሁ። እንዲህ ብላለች ተብሎ ይጻፍ።

ደግሞ ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ክፍሌ ውስጥ ሽንቷ መጥቶ የምትቁነጠነጥ ልጅ በቋንቋው ካልጠየቀችኝ አላስወጣትም። ጎበዝ መምህርት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለጉዳዩ ይጠቅም አይጠቅም አላውቅም፣ ከአፌ ወጥቷልና ይቀመጥ።

ሙሽሪት ትታኝ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። እጀታውን ጎተተች፣ ብረቱን በሁለት እጇ ደበደበች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። በሳጥኑ ላይ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። 4፡24 ይላል ሰዓቱ። የስፖርት መምህሩ ወረቀቱን ወርውሮ «ኧረ ሰዎች፣ የእውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ሁሉም በራሱ ቋንቋ መጮህ ጀመረ። ቁልፉ የት ነው፣ አሠልጣኙን ጥሩ፣ መስኮት ክፈቱ ይባላል።

ቁልፉ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄ ኪሴ ገብቶ ጨብጦታል። ባወጣው እኔ ጋ እንደነበረ ሰው ሁሉ ያያል ብዬ አላወጣሁትም። የስፖርት መምህሩ የወንበር እግር ነቅሎ ሳጥኑን እስኪሰብረው ቆሜ አየሁት። ሦስት ደቂቃ ፈጅቶበታል። ቦርሳዋን አግኝተው መድኃኒቱን አፏ ላይ ሲያደርጉላት የምትስብበት ትንፋሽ አልነበራትም። አሠልጣኙ ጩኸቱን ሰምተው ሲሮጡ መጡ። ከስፖርት መምህሩ ጋር ተሸክመው ወደ ማዕከሉ መኪና ወሰዷት፣ ሁሉም ተከትሎ ወጣ። እኔ ኋላ ቀርቼ ቁልፉን አሠልጣኙ ጠረጴዛ ላይ፣ የስም መጥሪያው መዝገብ ሥር አስቀመጥኩት። ፖሊስ ከቀትር በኋላ ያገኘው እዚያ ነው።

አሠልጣኙ በዚህ ምክንያት ከሰኞ ማታ ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ ታስረዋል። ቁልፉን ለማን እንደሰጡ ሲጠየቁ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ተጠያቂውም እኔ ነኝ ከማለት በቀር ሌላ እንዳልተናገሩ መርማሪው አረጋግጦልኛል። ሰኞ ወደ ፖሊስ መኪና ሲያስገቧቸው አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው «አይዞሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ያኔም አልተናገርኩም።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ሆስፒታል ውስጥ ከሙሽሪት ጉሮሮ የመተንፈሻ ቱቦው ወጣ። ወንድሜ አልጋው ራስጌ፣ እኔ ግርጌ ነበርን። ወንድሜ እጇን ይዞ «ቁልፉ ማን ጋ ነበር? ንገሪኝ፣ የኔ እናት» አላት። እሷ እሱን አላየችም። እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ በሻከረ ድምፅ «አላየሁም» አለችው። ወንድሜ «ሽማግሌው ነዋ! እስር ቤት ካልበሰበሰ እኔ ሰው አይደለሁም» አለ። ልትሞት ስትል የለመነችኝ ሴት ተርፋ እኔን ሸሸገችኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ያመጣኝ ወንድሜ ነው። ጣቢያ መሄድ እፈልጋለሁ ስለው በሽማግሌው ላይ ክሱን ላጠናክርለት መስሎት በደስታ አመጣኝ። ባዶ ሆድሽን አትገቢም ብሎም መንገድ ላይ ዳቦ ገዝቶ አብልቶኛል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ያስተማረኝም እሱ ነው። አሁን ከዚህ በር ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። መርማሪው እኔ ልንገረው ወይ፣ ወይም አብሬሽ ልውጣ ብሎኛል። አይሆንም ብያለሁ። ከሌላ ሰው አፍ አይሰማውም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አሠልጣኙ ዛሬውኑ ይለቀቁ፣ በእሳቸው ፈንታ የምጠየቀው እኔ ልሁን።

ከላይ የሰፈረው የራሴ ቃል ነው። ሁለት ጊዜ ተነቦልኛል፣ ለመቀነስ አንድ ቦታ አስቤ ነበር፣ ትቼዋለሁ። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም አልለመነኝም። ሰኞ የሰጠሁት ከዚህ ጋር የሚቃረን ቃል በሙሉ እንዲሰረዝ ተስማምቼ በየገጹ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________

ቃሉ የተጠናቀቀው 4፡35 ነው። ምስክሯ አሥር ደቂቃ ተቀምጣ ከቆየች በኋላ ወደ ወንድሟ ብቻዋን ወጥታለች።